ሠራተኛ ለመቅጠር በኮምፒዩተር ስለሚሰጥ ፈተና፤ ከጥያቄው አስቀድሞ ደንቡን ማስተካከል



ነጋዴ ሠራተኛ የሚቀጥረው ከጥንት ጀምሮ በሚያውቀው ሰው ምስክርነትና በዋስ ነው። ይህ ልማድ ዛሬም ጠቃሚ ስለ ሆነ ሊቀር አይገባውም። ሆኖም በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ አንድ የሒሳብ ያዥ ወይም የመጋዘን ኃላፊ ቦታ ሲከፈት ማመልከቻ ይዘው የሚመጡት ወጣቶች ብዙዎች ናቸው። ዋሱ ስለ ጠባያቸው ቢመሰክርም፥ ስለ ዕውቀታቸው የሚመሰክር ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ ይኸውም ፈተና ነው።

ፈተናውን በወረቀት መስጠት እንደሚቻል ሁሉ፥ ያለ ክፍያ በሚገኘው ጉግል ፎርምስ በተባለው መሣሪያ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር መስጠትም ይቻላል። ተፈታኞቹ ወጣቶች ለአሠራሩ እንግዶች አይደሉም። የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናቸውን በኮምፒዩተር ይወስዳሉ፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። ነገሩ አዲስ የሚሆነው ለፈታኙ ነጋዴ ነው። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ዓላማ ጥያቄ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት መስተካከል የሚገባቸውን ደንቦች ማሳየት ይሆናል።

ዲፎልት ማለት ምን ማለት ነው?

ዲፎልት የሚባለው፥ ባለቤቱ ሌላ ትእዛዝ እስካልሰጠ ድረስ መሣሪያው በራሱ የሚሠራበት መነሻ ደንብ ነው። ደንቡን ያወጣው መሣሪያውን የፈጠረው ሰው ሲሆን፥ እርሱም የእኛን ሱቅ፥ የእኛን ፊደልና የእኛን የዘመን አቈጣጠር አስቦ አላወጣውም።

እህል ነጋዴ ይህን በሚዛን ሊረዳው ይችላል። ባዶው ሚዛን ዜሮ ላይ ካልቆመ፥ ወይም የጆንያው ክብደት ካልተቀነሰ፥ መዛኙ ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን ቀኑን ሙሉ የሚመዝነው ሁሉ የተሳሳተ ነው። ስሕተቱም በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ እኩል ስለሚደገም በቶሎ አይታወቅም። የፈተና መነሻ ደንብም እንዲሁ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተዛባ በሁሉም ጥያቄና በሁሉም ተፈታኝ ላይ ይደገማል። ጉዳቱም የሚደርሰው እንጀራውን ፍለጋ በመጣው ወጣትና ብልኁን ሠራተኛ ባጣው ነጋዴ ላይ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ነጥብ

በጉግል ፎርምስ አንድ ቅጽ ወደ ፈተና ሲለወጥ የእያንዳንዱ ዐዲስ ጥያቄ መነሻ ነጥብ 0 ነው። አዘጋጁ ይህን ሳያስተውል 20 ጥያቄ ቢጽፍ፥ ሁሉን የመለሰውም አንድም ያልመለሰውም ከዜሮ ዜሮ ያገኛሉ። ስለዚህ በሴቲንግ ገጽ ላይ የመነሻው ነጥብ አስቀድሞ 1 ወይም ሌላ ቍጥር መደረግ አለበት። ይህ ደንብ ከዚያ በኋላ ለሚጻፉት ጥያቄዎች ብቻ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ቀድመው የተጻፉትን አንድ በአንድ ማስተካከል ግድ ይሆናል።

ለሁሉም ጥያቄ እኩል ነጥብ መስጠትም ቢሆን ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው። አንድ የዳንግላ ነጋዴ የመጋዘን ኃላፊ ለመቅጠር 20 ጥያቄ አዘጋጀ እንበል። ከነዚህ 4ቱ ስለ ዕቃ ገቢና ወጪ መዝገብ፥ 16ቱ ስለ ልዩ ልዩ ነገር ቢሆኑና ሁሉም 1 ነጥብ ቢኖራቸው፥ የመዝገቡ ዕውቀት ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ብቻ ይሆናል። ነጋዴው የሚፈልገው ግን ከሁሉ በላይ መዝገብ የሚያውቅ ሰው ነው። ለአራቱ ጥያቄዎች 4 ነጥብ ቢሰጣቸው 16 ከ32፥ ማለት እኩሌታውን፥ ይይዛሉ።

ሁለተኛ፤ ውጤት ስለሚገለጥበት ጊዜ

በዚሁ መሣሪያ መነሻ ደንብ መሠረት፥ ተፈታኙ ወረቀቱን እንዳስረከበ ወዲያው ውጤቱን፥ የሳታቸውን ጥያቄዎችና ትክክለኛውን መልስ ማየት ይችላል። ለትምህርት ቤት ልምምድ ይህ መልካም ነው። ለቅጥር ግን ፈተናውን በ3 ሰዓት የጨረሰው ወጣት መልሱን በስልክ አንሥቶ በ4 ሰዓት ለሚፈተነው ወዳጁ ሊልክለት ይችላል። ስለዚህ የሳቱትንና ትክክለኛውን መልስ የሚያሳዩት ቁልፎች አስቀድመው መዘጋት አለባቸው።

ውጤቱን ከምርመራ በኋላ ለመግለጥ የሚያስችል ሌላ ምርጫም አለ። እርሱ ሲመረጥ ግን መሣሪያው የተፈታኙን የኢሜይል አድራሻ መጠየቅ ይጀምራል። ኢሜይል የሌለው አመልካች በዚህ ምክንያት እንዳይቀር አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ደግሞም አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይፈተን የሚከለክለው ቁልፍ ሲጀመር የተዘጋ መሆኑን ማወቅ ያሻል።

ሦስተኛ፤ ስለ ፊደልና ስለ ቍጥር

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አጭር መልስ በሚጻፍበት ጥያቄ መሣሪያው የሚያርመው ቃሉን ከመልስ ቁልፉ ጋር ፊደል በፊደል አስተያይቶ ነው። በአማርኛ ግን ድምፃቸው አንድ የሆነ ልዩ ልዩ ፊደሎች አሉን። በቁልፉ ላይ «ሒሳብ» ተብሎ ቢጻፍና ተፈታኙ «ሂሳብ» ብሎ ቢመልስ፥ ማንኛውም ሰው ትክክል ነው ሲለው መሣሪያው ስሕተት ይለዋል። አፋቸውን በአገውኛ ፈትተው አማርኛን በትምህርት ቤት የተማሩ ብዙ ወጣቶች ባሉበት በአዊ ደግሞ፥ ጎበዙን ሒሳብ ያዥ በፊደል ምርጫ መጣል ታላቅ በደል ነው።

በቍጥርም እንዲሁ ነው። ዋጋው 2,000 ብር የሆነ ዕቃ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብበት ስንት ይሆናል ተብሎ ቢጠየቅ፥ አንዱ «2300»፥ ሌላው «2,300»፥ ሦስተኛው «2300 ብር» ብሎ ይጽፋል። ሦስቱም ሒሳቡን ያውቃሉ፤ ቁልፉ አንዱን ብቻ የያዘ ከሆነ ግን ሁለቱ ይወድቃሉ። መድኃኒቱ ሦስት ነው፤ በቁልፉ ውስጥ ትክክል የሆኑትን አጻጻፎች ሁሉ መመዝገብ፥ ወይም በጥያቄው ላይ «ያለ ነጠላ ሰረዝና ያለ ብር ቍጥሩን ብቻ ይጻፉ» ብሎ ማዘዝ፥ ወይም ጥያቄውን ወደ ምርጫ መለወጥ። በመጨረሻም የአጭር መልሶችን ሁሉ ሰው በዓይኑ አይቶ ነጥቡን ሊያቃና ይችላልና ይህን ሳያደርጉ ውጤት መግለጥ አይገባም።

አራተኛ፤ ስለ ግዴታ ጥያቄ

ዐዲስ የሚጻፈውን ጥያቄ ሁሉ ግዴታ የሚያደርግ መነሻ ደንብ አለ። ግዴታ የሆነ ጥያቄ ካልተመለሰ ወረቀቱ አይረከብም። ይህ ለስምና ለስልክ ቍጥር ተገቢ ነው። ለዕውቀት ጥያቄ ግን የማያውቀው ሰው በግምት እንዲሞላ ያስገድደዋል። የማያውቀውን ባዶ ትቶ የሚጠይቅ ሒሳብ ያዥና በግምት የሚሞላ ሒሳብ ያዥ በመዝገባችን ላይ የሚያደርሱት አንድ አይደለም። ስለዚህ ባዶ የተተወውም ሥፍራ ለቀጣሪው የሚነግረው ነገር አለውና፥ ግዴታውን በአድራሻ ጥያቄዎች ላይ ብቻ ማድረግ ይሻላል።

አምስተኛ፤ ምርጫዎችን ስለ ማቀላቀልና ስለ ቀን

በትምህርት ተቋማት በብዛት የሚሠራበት ሙድል የተባለው መሣሪያ የምርጫዎችን ቅደም ተከተል ለእያንዳንዱ ተፈታኝ ማቀላቀልን መነሻ ደንቡ አድርጎ ይዟል። ይህ መኮራረጅን ይቀንሳል። ነገር ግን ከምርጫዎቹ አንዱ «ሀ እና ለ መልስ ናቸው» የሚል ከሆነ፥ ምርጫዎቹ ሲቀላቀሉ ትርጉሙ ይፈርሳል። በዚያ ላይ ሙድል ምርጫዎቹን የሚቈጥረው በላቲን ፊደል ወይም በቍጥር እንጂ በሀ ለ ሐ ስላልሆነ፥ እንዲህ ያለውን ምርጫ ከመጀመሪያው አለመጻፍ ይበጃል።

በጉግል ፎርምስ የቀን ጥያቄ ደግሞ የሚሠራው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። የልደት ዘመኑን 1990 ብሎ የሞላው ወጣት የትኛውን ዘመን እንደ ጻፈ አይታወቅም፤ በጳጉሜን የተወለደውም ወሩን ከዝርዝሩ ውስጥ አያገኘውም። በቀን ጥያቄ ፈንታ «በኢትዮጵያ አቈጣጠር» ተብሎ የተጻፈበት አጭር መልስ ቢደረግ ክርክሩ ይቀራል።

የሥራው ቅደም ተከተል

ከላይ የተባለውን በአጭር ለማጠቃለል፥ መጀመሪያ ከሠራተኛው የሚፈለገው ዕውቀት ምን እንደ ሆነ በወረቀት ላይ ይጻፍ። ቀጥሎ ስለ ነጥብ፥ ስለ ውጤት አገላለጥና ስለ ግዴታ ያሉት መነሻ ደንቦች ይስተካከሉ። ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቹ ይጻፉ፤ ልዩ ነጥብ የሚገባቸውም ለየብቻ ይታረሙ።

በመጨረሻ አዘጋጁ ፈተናውን እንደ ተፈታኝ ሆኖ ሁለት ጊዜ ይሙላው፤ አንድ ጊዜ ሁሉን በትክክል፥ አንድ ጊዜ ሁሉን በስሕተት። የመጀመሪያው ሙሉ ነጥብ፥ ሁለተኛው ዜሮ ካላመጣ ሚዛኑ ገና አልተስተካከለም ማለት ነው። የታወቀ ክብደት አስቀምጦ ሚዛኑን ሳይፈትን የሰው እህል የሚመዝን ነጋዴ የለም፤ የሰው ዕውቀት ለሚመዘንበት ሚዛንም ይኸው ጥንቃቄ ሊደረግለት ይገባል።