የዱቤው ደብተርና የቤቱ ስኳር

አሰላ ላይ ሱቅ ያለው ሰው ክረምቱ በዱቤ እንደሚያልፍ ያውቃል። የገጠሩ ደንበኛ ገብሱና ስንዴው እስኪደርስ ዘይቱንም ሳሙናውንም የሚወስደው በቃል ነው። አባት ሁሉንም በጭንቅላቱ ይይዛል። ድንገት ቢሞትስ? እርሱ ራሱ ለጅምላ ነጋዴ ያለበት ዕዳ ውርስ ሳይከፋፈል መከፈል አለበት፤ ከሰው የሚፈልገውን ግን የሚያውቅ የለም። የየቲሞቹ ገንዘብ በሰው እጅ ቀረ ማለት ነው።

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ (አል-በቀራህ 2፡282) የሚናገረው ስለዚሁ ነው፤ ጊዜ የተቀጠረለት ዕዳ ትንሽም ይሁን ትልቅ እንዲጻፍ፣ ምስክርም እንዲቆምለት ያዛል። እኛ ግን የዘመድን ዕዳ መጻፍ አለማመን ይመስለናል።

ከዱቤው የባሰው የቤት ወጪ ነው። እናት ለቡናው ስኳር ታስወስዳለች፣ ልጅ ከመሳቢያው ብር ያነሳል፤ ማንም አይጽፍም። ወሩ ሲያልቅ «ሱቁ አላተረፈም» ይባላል። አትርፎ ይሆናል፣ ተበልቶ ነው እንጂ! ለቤት የወጣው ዕቃ በተገዛበት ዋጋ በተለየ ገጽ ይጻፍ። አብሮ የሚሠራው ወንድምስ ሸሪክ ነው ወይስ ደመወዝተኛ? ይህም ከመነሻው ይጻፍ።

ቀኑ በሁለት አቆጣጠር ይያዝ። የግብሩ ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የዘካው ግን በሂጅራ ስለሆነ 11 ቀን ያህል ያጥራል። ዘካው በሚደርስበት ዕለት የሚሸጠው ዕቃ በዕለቱ ዋጋ ይተመናል፤ ጥሬ ገንዘቡና ይከፈላል ተብሎ የሚታመነው ዱቤ ይደመርበታል። ድምሩ የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ከደረሰ 2.5 በመቶው ዘካ ነው። መደርደሪያውና ሚዛኑ አይቆጠሩም።