ለታናናሾቻችን ስለ መድልዎ ምን እንበላቸው?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መድልዎ ነው። መድልዎ ማለት አንድን ሰው በጠባዩ ሳይሆን በቆዳው ቀለም፣ በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በቤተሰቡ ሙያ ምክንያት ዝቅ አድርጎ ማየትና ማግለል ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ሕፃናት ምን ያውቃሉ? ሲያድጉ ይደርሱበታል» ይላሉ። እኔ ግን አልስማማም። በሰፈራችን አንዲት ትንሽ ልጅ እናቷ ሸክላ ሠሪ ስለሆነች ብቻ ልጆች «አጠገቧ አትቀመጡ፣ ትበላችኋለች» ሲሏት ሰምቻለሁ። ልጆቹ ይህን ይዘው አልተወለዱም፤ ከትልቅ ሰው ሰምተው ነው። ክፉውን መስማት ከቻሉ ደጉንም መስማት ይችላሉ። ታዲያ ምን እንበላቸው?

1ኛ/ በሚያውቁት ነገር እንጀምር። ቡና የሚፈላበትን ጀበና፣ እንጀራ የሚጋገርበትን ምጣድ ማን ሠራው? የገበሬውን ማረሻስ? ብለን እንጠይቃቸው። መልሱን ራሳቸው ያገኙታል። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር።

2ኛ/ እውነተኛ ታሪክ እንንገራቸው። በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ከተማ በ1960 እ.ኤ.አ. ሩቢ ብሪጅስ የምትባል የ6 ዓመት ጥቁር ልጅ ነጮች ብቻ ይማሩበት ወደነበረ ትምህርት ቤት ገባች። ትልልቅ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ሰደቧት። የመንግሥት ጠባቂዎች አጅበው አስገቧት። ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን አስቀሩ። መምህርቷ ባርባራ ሄንሪ ግን ዓመቱን ሙሉ ብቻዋን አስተማሯት። ሕፃናት ይህን ሲሰሙ «ምን አጠፋች?» ይላሉ። «ምንም አላጠፋችም፤ ያጠፉት ሰዳቢዎቹ ናቸው» ብለን እንመልስላቸው።

3ኛ/ የሚያደርጉትን እናሳያቸው። «ተው፣ እንደዚህ አይባልም» ማለት፣ አብሮ መቀመጥ፣ አብሮ መጫወት፣ ለመምህር መንገር። የተሰደበውን ልጅ ደግሞ «ዝም በል፣ ቻለው» አንበለው። እንደዚያ ካልነው ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። ሕፃናት አንቀጹን ገና ማንበብ አይችሉም፤ እኛ የምናደርገውን ግን ያያሉ። ስለዚህ በእረፍት ሰዓት ብቻውን የቆመ ልጅ ካያችሁ ታናናሾቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና «ና እንጫወት» በሉት።