ቅዱሱ በር ከተዘጋ በኋላ
(የኢዮቤልዩ ጸጋና የክርስቲያን ተስፋ)



«የተስፋ ነጋድያን» በሚል መሪ ቃል የተከበረው ቅዱስ ዓመት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 2024 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ተከፈተ። እርሳቸው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 2025 ካረፉ በኋላ፣ ተተኪያቸው ሊዮ 14ኛ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 2026 የቅዱስ ጴጥሮስን ባዚሊካ ቅዱስ በር ዘግተው ዓመቱን ፈጸሙት። ወደ ሮም ለመሄድ አቅም ያልነበረው ምእመን «በሩ ሳልገባበት ተዘጋ» ብሎ ሊያዝን ይችላል። ለመሆኑ የተዘጋው ምንድር ነው? ክፍት የቀረውስ?

1. መለከቱ የሚነፋበት ቀን

ኢዮቤልዩ የሚለው ቃል ከዕብራይስጥ የመጣ ሲሆን ከአውራ በግ ቀንድ የሚሠራውን መለከት ያመለክታል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደተደነገገው፣ በሃምሳኛው ዓመት ለባርነት የተሸጠው ነጻ ይወጣል፤ በችግር ምክንያት ርስቱን የሸጠውም ወደ ርስቱ ይመለሳል፤ ምድርም ታርፋለች። መለከቱ የሚነፋው ግን በማስተስረያ ቀን ነው። አስቀድሞ ሕዝቡ ከእግዚአብሔር ጋር ይታረቃል፤ ከዚያም ወንድም ለወንድሙ ይለቃል። ስለዚህ ምሕረትን ተቀብሎ ለጎረቤቱ የሚነፍግ ሰው መለከቱን ሰማ እንጂ ዐዋጁን አልፈጸመም። ጌታችንም በናዝሬት ምኵራብ የነቢዩን መጽሐፍ ካነበበ በኋላ ያ የተወደደ ዓመት በእርሱ እንደተፈጸመ ገለጠ (ሉቃ. 4፡16-21)። እውነተኛው ኢዮቤልዩ ክርስቶስ ራሱ ነው፤ በሩም እርሱ ነው (ዮሐ. 10፡9)።

2. የቤተ ክርስቲያን ልማድ

የመጀመሪያውን ቅዱስ ዓመት ያወጁት እ.ኤ.አ. በ1300 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቦኒፋስዮስ 8ኛ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1470 ጳውሎስ 2ኛ በየ25 ዓመቱ እንዲከበር ወሰኑ፤ ይህም እያንዳንዱ ትውልድ ጸጋውን እንዲያገኝ ነው። ወደ ሮም የሚደረገው መንፈሳዊ ጉዞ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ የሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ነጋድያን ማረፊያ ነበረ። ከእነርሱ አንዱ አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ በሮም አሳትመዋል። ነጋዲ በሄደበት አገር ለሌሎች የሚተርፍ ፍሬ እንደሚያፈራ ስማቸውም ሥራቸውም ይመሰክራል።

3. ሙሉ ሥርየት ምንድር ነው?

ሙሉ ሥርየት የምስጢረ ንስሐ ምትክ አይደለም። በደሉ በኑዛዜ ከተፋቀ በኋላ የሚቀረው ጊዜያዊ ቅጣት በክርስቶስና በቅዱሳን ሀብት የሚሰረይበት ጸጋ ነው። ወጌሻ የተሰበረውን አጥንት ወደ ቦታው ከመለሰ በኋላ እንኳ እግሩ እስኪጠና ድረስ ይታሰራል፤ እንክብካቤም ይሻል። ኃጢአትም ይቅር ከተባለ በኋላ በልብ ውስጥ የሚተወው ድካም አለ። በቅዱሱ ዓመት ይህን ጸጋ ለመቀበል የሚያበቃው መንገድ ወደ ሮም መሄድ ብቻ አልነበረም፤ ኑዛዜ ገብቶ፣ ቅዱስ ቍርባን ተቀብሎና ስለ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሐሳብ ጸልዮ እስረኛን፣ ሕመምተኛን ወይም ብቸኛ አረጋዊን የጎበኘም ተካፋይ ነበረ።

4. ተስፋና ምኞት

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2024 በሮም በሚገኘው በሬቢቢያ ወህኒ ቤት ቅዱስ በር ከፍተዋል። እስረኞቹ በዚያ በር አልፈው ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ የፍርድ ጊዜያቸውም አላጠረም። ታዲያ ምን አገኙ? ምኞት ችግሩ እንዲወገድ ብቻ ይጠባበቃል፤ ክርስቲያናዊ ተስፋ ግን በችግሩ ውስጥ እግዚአብሔርን ያገኛል። ቅዱስ ጳውሎስ መከራ ትዕግሥትን፣ ትዕግሥት ፈተናን ማለፍን፣ ይህም ተስፋን እንደሚወልድ የሚያስተምረው ስለዚህ ነው (ሮሜ 5፡3-5)። ልጁ ከስደት ያልተመለሰለት፣ ሰብሉ የጠፋበት፣ ሐዘን ያልወጣለት ወገናችን የሚፈልገው ይህን ተስፋ ነው፤ «አይዞህ፣ ያልፋል» ብሎ መሸኘት ብቻ አይበቃውም።

5. ለመምህራንና ለቁምስና ማኅበራት መወያያ

ሀ) በእጃችን ያለ፣ ልንለቀው የሚገባን የወንድማችን ዕዳ ወይም ቂም ምንድር ነው?
ለ) በቁምስናችን ማንም የማይጎበኘው ሕመምተኛ ወይም አረጋዊ ማን ነው? በዚህ ሳምንት ማን ይሄዳል?
ሐ) ከመጨረሻው ኑዛዜያችን ምን ያህል ጊዜ አለፈ?

የተወደዳችሁ፤ የተዘጋው የናስ በር ነው። የኑዛዜ በር ግን በየቁምስናችን ክፍት ነው፤ የድሃውም ደጅ እንዲሁ። የተስፋ አምላክ በማመን ደስታንና ሰላምን ሁሉ ይሙላባችሁ። አሜን።