ኮምፒዩተር ጠጋኝ ለመሆን የሚሰጥ ፈተና

አንድ ቅዳሜ ማታ ጎረቤቴ ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«መምህር፣ እስቲ ይህን አንብብልኝ። አማርኛውን ራሴ አንብቤዋለሁ። ያስቸገረኝ እንግሊዝኛው ነው። ልጄ ለእህቱ ትምህርት የሚልከውን ገንዘብ ለፈተና ከፈልኩት ይላል። ደግሞም ወደቅሁ ይላል። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው የምን ፈተና ነው የሚፈተነው?» አሉኝ።

ልጃቸው የሚኖረው በአሜሪካ አገር፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ልጁ ሌሊት ሌሊት በመኪና ማቆሚያ ቤት ይሠራል። ጠዋት ጥቂት ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ያጠናል። የላከውን ወረቀት አነበብኩት፤ ነገሩም እንደሚከተለው ነው።

ፈተናው «ኤ ፕላስ» ይባላል። የሚያዘጋጀው ኮምፕቲያ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ነው። መሰጠት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ነው። አንድ ጀማሪ ሰው የተበላሸ ኮምፒዩተር መጠገን፣ አዲስ ኮምፒዩተር መግጠም፣ ኮምፒዩተሮችን እርስ በርስ ማገናኘት መቻሉን ይመዝናል። ያለፈ ሰው የምስክር ወረቀት ያገኛል። ወረቀቱ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ነገር ግን የሥራ ልምድ የሌለው ስደተኛ ቀጣሪ ፊት ሲቀርብ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

በአገራችንም ተመሳሳይ ነገር አለ። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ጥገና የሚማሩ ልጆች የሙያ ብቃት ምዘና ይቀመጣሉ። ልጃችሁ «ሲኦሲ ልፈተን ነው» ቢላችሁ ይህንኑ ማለቱ ነው።

የኤ ፕላስ ፈተና ሁለት ክፍል አለው። አንዱን ብቻ ያለፈ ሰው የምስክር ወረቀት አያገኝም። በእያንዳንዱ ክፍል እስከ 90 ጥያቄ ይቀርባል፤ የሚሰጠውም ጊዜ 90 ደቂቃ ነው። ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ደረሰው ማለት ነው። ውጤቱ ከ100 እስከ 900 ባለው ቁጥር ይነገራል። የመጀመሪያውን ክፍል ለማለፍ 675፣ ሁለተኛውን ለማለፍ 700 ማግኘት ያስፈልጋል። የእያንዳንዱ ክፍል ዋጋ ከ200 ዶላር በላይ ነው። የወደቀ ሰው ገንዘቡ አይመለስለትም። እንደገና መፈተን ሲፈልግም እንደገና ይከፍላል።

ጎረቤቴ ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ታዲያ ኮምፒዩተር ማለት ምንድን ነው? ስሙን ነው እንጂ የምሰማው ሆዱን አላውቅም» አሉ።

ኮምፒዩተር ቁጥር የሚቆጥር መሣሪያ ነው። እኛ ፊደል ስንቆጥር 33 ፊደላት አሉን። እያንዳንዱ ሰባት ቤት ስላለው በጠቅላላው 231 ይሆናሉ። ኮምፒዩተር ግን የሚያውቀው ሁለት ምልክት ብቻ ነው። እነርሱም 0 እና 1 ናቸው። መብራት አለ ወይም የለም እንደ ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ምልክቶች ስምንት ስምንት እያደረገ ሲደረድራቸው 256 ዓይነት ድርድር ይወጣል። 231ዱ ፊደሎቻችን በዚያ ውስጥ ገብተው ትርፍ ቦታ ይቀራል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ነው። ዛሬ በስልካችሁ አማርኛ የምታነቡት በዚሁ መዝገብ አማካይነት ነው።

ሆዱ ሲከፈት ብዙ ዕቃ ይታያል። ሁሉም የሚሰካበት ሰፊ ሰሌዳ ማዘር ቦርድ ይባላል። ቆጠራውን የሚሠራው ፕሮሰሰር ነው። ብዙ ሲሠራ ስለሚግል ማቀዝቀዣ ይደረግለታል። ሃርድ ዲስክ የኮምፒዩተሩ ጎተራ ነው። የገባው ነገር መብራት ቢጠፋም እዚያው ይቆያል። ራም ደግሞ እንደ ሰፌድ ነው። ለሥራ የሚፈለገው ከጎተራው ወጥቶ በሰፌዱ ላይ ይደረጋል። መብራት ሲጠፋ በሰፌዱ ላይ የነበረው ሁሉ ይበተናል። ጽሑፉን ወደ ጎተራው ሳይመልስ መብራት የጠፋበት ሰው የሚያዝነው በዚህ ምክንያት ነው። ኤሌክትሪኩን ተቀብሎ ለሁሉም የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ይባላል። ይህን ዕቃ ጀማሪ ፈጽሞ መፍታት የለበትም። ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይቆያል።

ሌላም የማይታይ ጠላት አለ። በደረቅ ወራት የሱፍ ልብስ ስናወልቅ ቸር ቸር የሚል ድምፅ እንሰማለን። ያ ኤሌክትሪክ ነው። ሰው ንዝረቱ የሚሰማው ወደ 3,000 ቮልት ሲደርስ ነው። የኮምፒዩተር ስስ ዕቃ ግን ከዚያ እጅግ ባነሰው ይበላሻል። ስለዚህ ጠጋኙ ሳይሰማው በጣቱ ሊያበላሸው ይችላል። ይህ እንዳይሆን በእጁ አንጓ ላይ ልዩ ማሰሪያ አስሮ ይሠራል። ይህም በፈተናው ይጠየቃል።

አሁን አንድ ጥያቄ እንሞክር። ከእውነተኛው ፈተና የተወሰደ አይደለም፤ መልኩን እንድታዩ እኔ ያዘጋጀሁት ነው።

አንዲት የቢሮ ሠራተኛ «ኮምፒዩተሬ ትናንት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ አይበራም» አለች። ጠጋኙ ከሁሉ አስቀድሞ ምን ያድርግ?
ሀ/ ማዘር ቦርዱን ይለውጥ።
ለ/ አዲስ ኮምፒዩተር ይዘዝ።
ሐ/ ሠራተኛዋን ይጠይቅ፤ የመብራት ገመዱ መሰካቱንም ይመልከት።
መ/ ሃርድ ዲስኩን ይንቀል።

ጎረቤቴ ሳያመነቱ «ሐ ነዋ!» አሉ። ትክክል ነው። «እንዴት አወቁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«በሬ ሲታመምብኝ መጀመሪያ የምጠይቀው እረኛውን ነው። የት ዋለ? ምን በላ? ከየትኛው ውሃ ጠጣ? እላለሁ። ቀጥሎ አፉንና ኮቴውን አያለሁ። ሳልጠይቅ ቢላ አላነሣም።»

እንዲህ ሲሉ እኔ ሳቅሁ። ምክንያቱም የፈተናው ዋና ነገር ይኸው ነው። በመጀመሪያው ክፍል ከመቶ 28 እጅ የሚሆነው ስለ ዕቃና ስለ መረብ ብልሽት ፍለጋ ነው። በሁለተኛውም ክፍል ከመቶ 23 እጅ የሚሆነው ስለ ፕሮግራሞች ብልሽት ነው። ጠጋኙ ስድስት ደረጃዎችን በቅደም ተከተል ይከተላል። መጀመሪያ ችግሩን ይለያል፤ ባለቤቱን ይጠይቃል፤ በቅርቡ ምን እንደ ተለወጠ ይመረምራል። ቀጥሎ ምክንያቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ይገምታል። ሲገምትም ከቀላሉ ይጀምራል። በሦስተኛ ደረጃ ግምቱን ይፈትናል። ግምቱ ከተሳሳተ ሌላ ይገምታል። አራተኛ፣ እንዴት እንደሚጠግን አቅዶ ይጠግናል። አምስተኛ፣ ሁሉም ነገር በደንብ መሥራቱን ያረጋግጣል። ስድስተኛ፣ ያየውንና የሠራውን በጽሑፍ ይመዘግባል።

«የመጨረሻውን እኔ አላደርገውም። በልቤ ነው የምይዘው» አሉ ጎረቤቴ።

ከዚህ በኋላ ስለ ኔትወርክ ጠየቁኝ። ኔትወርክ ማለት ኮምፒዩተሮች የሚገናኙበት መረብ ነው። በመረቡ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የአድራሻ ቁጥር አለው። ብዙ ጊዜ ቁጥሩን የሚያድል አንድ መሣሪያ አለ። በመስኖ ውሃ ላይ ተራ የሚሰጥ አባት እንደምንመርጠው ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ ያንን አዳይ ሲያጣ ራሱ ለራሱ ቁጥር ይሰጣል፤ ያም ቁጥር በ169.254 ይጀምራል። ጠጋኙ ይህን ቁጥር ሲያይ «አዳዩ አልተገኘም፤ ገመዱን ወይም አዳዩን ልመርምር» ይላል። የከብት ሐኪም የላም አፍ አይቶ በሽታውን እንደሚጠረጥር ነው።

ስለ ማተሚያ መሣሪያም ይጠየቃል። በሌዘር የሚሠራው ማተሚያ ቀለሙ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ወረቀቱ ላይ ካረፈ በኋላ ፊውዘር የሚባል የጋለ ዕቃ አቅልጦ ያጣብቀዋል። የታተመው ጽሑፍ በጣት ሲነካ የሚለቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ማጋያ ነው።

ታዲያ ልጁ ለምን ወደቀ? በመልእክቱ ራሱ ጽፎታል። ከአንድ ሰው የፈተናው እውነተኛ ጥያቄዎች ናቸው የተባሉ ወረቀቶች በገንዘብ ገዛ። መልሱን ብቻ ሸመደደ። ፈተናው ደግሞ በየሦስት ዓመቱ ገደማ ይለወጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመጋቢት 2025 አዲስ ፈተና ወጣ፤ አሮጌው በመስከረም 2025 ቀረ። ልጁ የሸመደደው የአሮጌውን ነው። ከዚህም በላይ በጥያቄው ውስጥ በትልልቅ ፊደል የሚጻፉትን «ከሁሉ አስቀድሞ» እና «ከሁሉ የተሻለ» የሚሉትን ቃላት እየዘለለ አለፈ። አራቱም መልስ ትክክል የሚመስልበት ጥያቄ አለ። የሚለየው ያ አንድ ቃል ነው። ማለፊያው 675 ሲሆን እርሱ 648 አገኘ።

በተሰረቀ ጥያቄ ተፈትኖ ማለፍም አያስተማምንም። ድርጅቱ ከደረሰበት ወረቀቱን ይሰርዛል። ጎረቤቴ ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩ። ከመውደቁ ይልቅ የተናደዱት በዚህ ነው። ስልኩን ተቀብለው በራሳቸው እጅ፣ አንድ አንድ ፊደል እየፈለጉ፣ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «የእህትህን እኔ አንድ ሙክት ሸጬ እችለዋለሁ። አንተ ግን ሥራውን ተማር። ወረቀት አትግዛ።»

ልጁ አጠናኑን ለወጠ። መጀመሪያ የፈተናውን የርዕስ ዝርዝር አወጣ። ዝርዝሩን ድርጅቱ በነፃ ይሰጣል። የሚያውቀውን በአንድ ምልክት፣ የማያውቀውን በሌላ ምልክት ለየ። ፕሮፌሰር ሜሰር በሚል ስም የሚታወቅ አስተማሪ ሙሉውን ትምህርት በቪዲዮ በነፃ ያቀርባል፤ በየቀኑ ከዚያ ጥቂት ይመለከት ጀመር። ከሁሉ የጠቀመው ግን ይህ አይመስለኝም። አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር በርካሽ ገዝቶ ፈታው። መልሶ ገጠመው። መጀመሪያ ሲገጥመው አልበራም። ራሙ በደንብ አልተሰካም ኖሯል። ያንን ስህተት በራሱ እጅ አግኝቶ ካረመ በኋላ ስለ ራም የሚጠየቀው ነገር አልጠፋውም። ድርጅቱም ተፈታኞች ወደ አንድ ዓመት የሚሆን የእጅ ሥራ ልምድ ቢኖራቸው መልካም ነው የሚለው ለዚህ ነው።

በፈተናው ዕለትም ዘዴ አለ። መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚመጡት ከባዶቹ የተግባር ጥያቄዎች ናቸው። ተፈታኙ በስክሪኑ ላይ ገመድ አገናኝ፣ ይህን አስተካክል ይባላል። እነዚህ ብዙ ደቂቃ ይበላሉ። ስለዚህ ልጁ በሁለተኛው ጊዜ እነርሱን ዘለላቸው። አጫጭሮቹን ሠርቶ በመጨረሻ ተመለሰባቸው። ፈተናው በአማርኛ ስለማይሰጥ ጥያቄውን ሁለት ሁለት ጊዜ አነበበ። ያላወቀውንም ባዶ አልተወም፤ ከሚመስሉት አንዱን መረጠ።

የመጀመሪያውን ክፍል በዚህ ዓይነት አለፈ። ሁለተኛው ይቀረዋል። ሁለቱንም ካለፈም የምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ሦስት ዓመት ነው። ጊዜው ሳያልፍ መታደስ አለበት። ጎረቤቴ ይህን ሲሰሙ «እንደ መሬት ግብር በለኛ!» አሉ።

ባለፈው ቅዳሜ እንደ ልማዳቸው መጥተው «በዚህ ሳምንት ስለ ምን እያጠና ነው?» አሉኝ። ስለ ቫይረስ ነው አልኳቸው። ቫይረስ ማለት ኮምፒዩተር የሚያሳምም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛመት ክፉ ፕሮግራም ነው። «ጠጋኙ ቫይረስ መኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ምን ማድረግ አለበት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ከመንጋው ለይቶ ማሰር ነዋ» አሉ።

ልክ ነው፤ ከመረቡ ይለየዋል። ከዚያም ያጸዳዋል። የመጨረሻው ደረጃ ደግሞ ባለቤቱ ሁለተኛ እንዳይታለል ማስተማር ነው። ጎረቤቴ ከኪሳቸው ደብተር አውጥተው ይህን ጻፉ። ገጹን ሲገልጡ ከበላዩ ያለውን አየሁት። የበሬው ስም፣ የታመመበት ቀን፣ የተሰጠው መድኃኒት ተጽፎበታል።