ወሬ ስለ ጠፋበት ሱቅ ግምት

ሱቆቹ በልዩ ልዩ ከተማ ለሚገኙ ነጋዴ በየማታው ከሁሉም ዘንድ የሒሳብ ወሬ ማግኘት አይሆንላቸውም፤ ስልክ ይቋረጣል፥ ሰውም ይዘነጋል። እኔም ከዓመታት በፊት ከደሴ ቅርንጫፍ ወሬ በጠፋ ጊዜ «ምንም አልተሸጠም» ብዬ በመዝገብ ጻፍሁ፤ በፋሲካ ሰሞን መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ዝምታ ዜሮ አለመሆኑን የተማርሁት በአሠሪዬ ገንዘብ ነው።

በቡዳፔስት የተወለደው ሩዶልፍ ካልማን የተባለው ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960 ያሳተመው የስሌት ዘዴ፥ ወደ ጨረቃ በተጓዙት የአፖሎ መንኰራኵሮች ላይ ሠርቷል። ለሱቅም ይበቃል፤ ይኸውም ግምትን ከነጥርጣሬው መያዝ ነው።

በደሴ 120 ካርቶን ሳሙና ተቈጥሮ ነበር እንበል። በቀን 10 ያህል ይሸጣል፥ ሽያጩም በ3 ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል። ወሬ 4 ቀን ቢጠፋ ግምታችን 80 ነው። ጥርጣሬው ግን 12 ሳይሆን 6 ነው፤ የአንዱ ቀን ትርፍ የሌላውን ጕድለት ስለሚያካክስ፥ 4 ቀን ጥርጣሬውን በ4 ሳይሆን በ2 ያበዛዋል፥ 2 በ2 ሲባዛ 4 ነውና። በዚያው ማታ «60 ቀርቷል» የሚል ወሬ ቢመጣስ? ወሬውን ያመጣው የመኪና ነጂ በዐይኑ ገምቶ እንደ እኛው በ6 የሚሳሳት ከሆነ መካከሉን 70ን እንይዛለን። የሱቁ ኀላፊ ቈጥሮ በ2 ብቻ የሚሳሳት ከሆነ ግን እያንዳንዱን ጥርጣሬ በራሱ እናባዛለን፤ 36 እና 4 ይሆናል። ስለዚህ የ20ውን ልዩነት ከ40 እጅ 36ቱን ለወሬው ሰጥተን 62 እንጽፋለን።

ደሴ ለኮምቦልቻ አንዳንድ ቀን ዕቃ የሚያበድር እንደ ሆነ፥ ቀኑ ስለማይታወቅ አማካዩን እንቀንሳለን፥ በጥርጣሬውም ላይ እንጨምራለን። ጥቅምም አለው፤ ኮምቦልቻ ከታሰበው በላይ ዕቃ ቢገኝ ደሴ ሳይጠየቅ የደሴ ግምት ዝቅ ይላል።

ቅርንጫፉም ያንኑ ሒሳብ ይዞ «በ10 ካልራቀ አትደውሉ» ብሎ መዋዋል ይቻላል። ያን ጊዜ ዝምታው ራሱ ወሬ ነው፤ ነገር ግን ስልኩ መሥራቱ የታወቀ እንደ ሆነ ብቻ።

ብሩኖ ሲኖፖሊና ባልደረቦቹ በ2004 እንዳሳዩት፥ ስሕተቱ ራሱን እያበዛ በሚሄድ ነገር ላይ ወሬው የሚደርስበት ዕድል ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ፥ የግምቱ ስሕተት በአማካይ ያለ ገደብ ያድጋል፤ ስሌትም አያድነውም። ሳሙና እንዲህ አይደለም፥ ጥርጣሬው በዝግታ ያድጋል። ዛሬ በእኛ መዝገብ የደሴ ገጽ ሁለት ዓምድ አለው፥ አንዱ ግምቱ፥ ሁለተኛው ጥርጣሬው። ሁለተኛው 9 በደረሰ ጊዜ ሰው በመኪና ይላካል።