ያረጀ መኪና ከባድ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ እንዳይፈላ

ማዳበሪያ የጫነ መኪና በሰኔ ወር መንገድ ላይ ከቆመ የሚጎዳው ሹፌሩ ብቻ አይደለም። ዘር የሚጠብቀውም መሬት ይጎዳል። ስለዚህ ይህ ትምህርት የሹፌር ብቻ ሳይሆን የጫኝም የገበሬም ነው።

ፊያት 682 የሚባለውን ትልቅ የጭነት መኪና ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጣልያኖች መሥራት የጀመሩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ነው። ከእሱ ዘር አንዱን ነው ሰዉ «ኤንትሬ» የሚለው። ጠንካራ መኪና ነው፤ ግን አርጅቷል። ያረጀ በሬ ዳገት ላይ እንደሚያለከልክ እሱም ያለከልካል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል? ሞተሩ የሚያቃጥለው ናፍጣ ሁሉ ለጉልበት አይውልም። በግምት ሲሶው መኪናውን ይገፋል። ሲሶው በጭስ ማውጫው ይወጣል። የቀረው ሲሶ ብረቱን ያግለዋል። ይህን ሙቀት ከሞተሩ ይዞ የሚወጣው ውሃ ነው። ፖምፓው ውሃውን በሞተሩ ውስጥ ያዞረዋል። የጋለው ውሃ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፤ እዚያ ማራገቢያው ነፋስ እየሳበ ያበርደዋል። በብዙ መኪና ፖምፓውንም ማራገቢያውንም የሚያዞራቸው ቺንጋ የሚባለው የጎማ ቀበቶ ነው። ቺንጋው ከላላ ውሃው ሙሉ ቢሆንም ሞተሩ ይፈላል።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣውን መንገድ እንውሰድ። ከድልድዩ እስከ ደጀን ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይጨምራል። ጭነቱ ከባድ ስለሆነ ብዙ ናፍጣ ይቃጠላል። መኪናው ግን በዝግታ ስለሚሄድ ከፊት የሚገባው ነፋስ ጥቂት ነው። ሌላም ነገር አለ። ውሃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ደጀን ከፍታ ላይ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። «በረሃውን አለፍን፣ ተገላገልን» ሲባል የሚፈላው ለዚህ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ደህና ከሆነ ውሃውን አምቆ ይይዘዋል፤ የታመቀ ውሃ ቶሎ አይፈላም። ጎማው ያለቀ ክዳን በጨርቅ ጠቅልሎ መንዳት ግን ትልቅ ጥፋት ነው።

አንዳንድ ሹፌር ሞተሩ እንዳይጮህ ብሎ በከባድ ማርሽ እያስጨነቀ ይወጣል። ተሳስቷል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ፖምፓውም ማራገቢያውም ቀስ ይላሉ፤ ሙቀቱ ግን አይቀንስም። ገና ከዳገቱ ሥር ማርሽ መቀነስ፣ ነዳጁንም እስከ መጨረሻው አለመርገጥ ነው። ንጋት ላይ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

እኔ በአንድ ሰኔ ማዳበሪያ በጫነ አሮጌ መኪና ይህን ዳገት ስወጣ የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ ሲጠጋ አየሁ። «ጋሼ፣ መርፌው ቀዩን ሊነካ ነው» አልኳቸው ሹፌሩን። «ደጀን ልንደርስ ነው እኮ» አሉኝ። ትንሽ እንደሄድን ፈላ። ረዳቱ ቸኩሎ ክዳኑን ከፈተው። የፈላው ውሃ ክንዱንና አንገቱን ላጠው። ሹፌሩ ደንግጠው በጋለው ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ደፉ፤ ቴስታታ የሚባለው የሞተሩ ራስ ተሰነጠቀ። ማዳበሪያው አራት ቀን እዚያው ቆየ። በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢደፋ ምጣዱ ምን እንደሚሆን እናቶች ያውቁታል። ብረትም እንደዚያው ነው።

መርፌው ወደ ቀዩ ሲጠጋ ቦታ መርጦ መቆም ነው። ጎማው ላይ ድንጋይ ይደረግ። ውሃው ካልፈሰሰና እንፋሎት ካልወጣ ሞተሩን ሳያጠፉ ጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት ማስነሳት ያበርደዋል። እንፋሎት ከወጣ ግን ወዲያው ይጥፋ። ክዳኑ ለእጅ እስኪበርድ ድረስ አይነካ፤ ግማሽ ሰዓትም ከዚያ በላይም ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በወፍራም ጨርቅ ይዞ ቀስ በቀስ መክፈት፣ ውሃውንም ጥቂት በጥቂት መጨመር ነው። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነውና ሞተሩ አይነሳ።

አሁን የእኛን የጫኞቹን ጥፋት ልንገራችሁ። አንዱ «አንድ ኩንታል ብቻ» ይላል። አሥር ሰው እንዲህ ካለ 1,000 ኪሎ ተጨመረ። ሹፌሩ ሰው እንዳይቀየመው ዝም ይላል፤ ዳገቱ ግን ዝም አይልም። ጭድ ሲጫንም ብናኙ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል ይሰገሰግና ነፋስ ይከለክላል። በለስላሳ ብሩሽና በውሃ ይታጠብ፤ በሽቦ አይጎርጎር። ለራዲያተር የወንዝ ድፍርስ አይሆንም። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የምታዩት ነጭ ቅርፊት እዚያም ይጋገራል። በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይሻላል።

አሁን ፊደል ቆጥራችኋል፤ የመርፌውን ቁጥር ማንበብ ትችላላችሁ። ማኅበራችሁ መኪና ካለው አንድ ደብተር ካቢናው ውስጥ ይቀመጥ። ቀኑ፣ የተጫነው ኩንታልና የተጨመረው ውሃ ይጻፍበት።

ጥያቄ፦ በአንድ ደብተር ላይ እንዲህ ተጽፎ ተገኘ። ሰኞ 60 ኩንታል፣ 1 ሊትር ውሃ። ረቡዕ 60 ኩንታል፣ 2 ሊትር። ዓርብ 60 ኩንታል፣ 5 ሊትር። መንገዱ ያው ነው፤ ጭነቱም አልጨመረም። ውሃው ወዴት ሄደ? ቅዳሜ መኪናው ይጫን ወይስ አይጫን? ተነጋገሩና መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።