ከሟቹ ልጆች አንዱ ከሟቹ ከብት ጋር ሲቆጠር

የውርስ ትምህርት (ፈራኢድ) በማስተምርበት ጊዜ ስለ ባርነት የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ተማሪዎች «ይህ እኮ ያለፈ ነገር ነው፤ ምን ያደርግልናል?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ምዕራፉ አይዘለል እላለሁ። ምክንያቱም ባርነት በሕግ ቢቀርም በእርሱ ሳቢያ የተጓደለው ውርስ በየገጠሩ ቤተሰብ ውስጥ እስከ ዛሬ ያነጋግራል።

የጅማን መንግሥት እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ዳግማዊ አባ ጅፋር በነገሡበት ዘመን የሒርማታ ገበያ ቡናና ከብት ብቻ ሳይሆን ሰውም የሚሸጥበት ነበር። ከዚያ የተገዛው ሰው ሁሉ ወደ ሩቅ አገር አልተወሰደም። ብዙው እዚያው በባለጸጎች ቤት ቀርቶ አረሰ፣ ፈጨ፣ ውሃ ቀዳ። ከሴቶቹም ለአሳዳሪያቸው ልጅ የወለዱ ነበሩ። እንግዲህ የዚህ ዓይነቱ ቤት ባለቤት በሞተ ቀን አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሳል፤ ከገረዲቱ የተወለደው ልጅ ወራሽ ነው ወይስ የሚወረስ?

በቀደመው ፊቅህ ባርያ ከሟቹ ንብረት ጋር ተቆጥሮ ለወራሾች ይተላለፍ እንደነበር መሸሸግ አይገባም። በዚህች ጥያቄ ላይ ግን የሸሪዓው መልስ ግልጽ ነው። ከአሳዳሪዋ የወለደች ሴት «ኡሙ ወለድ» ትባላለች። በአራቱ መዝሀቦች እርሷ አትሸጥም፣ አትወረስም፤ እርሱ ሲሞት ነጻ ትወጣለች። ሚስት ስላልሆነች የውርስ ድርሻ ባይኖራትም ልጅዋ ግን ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ነጻ ነው፤ ከሚስቲቱ ልጆች ጋር እኩል ይወርሳል። የሱረቱ አን-ኒሳእ 11ኛ አንቀጽ የልጆችን ድርሻ ሲደነግግ በእናት ማንነት አላበላለጠም። ከዐባሲያ ኸሊፋዎች አል-መንሱርና አል-መእሙን ከእንዲህ ዓይነት እናቶች የተወለዱ ነበሩ፤ ይህም ከሥልጣን አላገዳቸውም።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ሰው ዕዳውና ኑዛዜው ከተከፈለ በኋላ 56 ከብት ትቶ ሞተ እንበል። ሚስት፣ ከእርሷ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ከገረዲቱ ደግሞ አንድ ወንድ ልጅ አሉት። ለሚስት አንድ ስምንተኛው፣ ማለትም 7 ከብት ይደርሳታል። የቀረው 49 በሰባት እጅ ይከፈላል፤ ሦስቱ ወንዶች እያንዳንዳቸው 14፣ ልጅቱ 7 ያገኛሉ። የገረዲቱ ልጅ ከተካደ ግን የእርሱ 14 ከብት ለወንድሞቹና ለእህቱ ይከፋፈላል። ከዚያም ብሶ እርሱ ራሱ ከከብቱ ጋር ተቆጥሮ ለአንደኛው ወንድሙ ይደርሳል። ወንድም ወንድሙን ወረሰ ማለት ነው!

ታዲያ ድንጋጌው ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ በደሉ በየት ገባ? በምስክርነት በኩል ነው የገባው። በሐነፊ መዝሀብ የገረዲቱን የመጀመሪያ ልጅ አሳዳሪው «የኔ ነው» ብሎ ካልተቀበለው ዝምድናው አይጸናም። በሻፊዒ መዝሀብ ከእርሷ ጋር መገናኘቱን ካመነ ይበቃል። በሁለቱም ቢሆን ነገሩ የሰውየውን ቃል ይጠይቃል። አባት አፍሮ ዝም ካለ፣ ጎረቤትም እያወቀ ዝም ካለ፣ ልጁ ከወራሽነት ወደ ንብረትነት ይወርዳል። ቃዲው ያልተነገረውን ከየት አምጥቶ ይፈርዳል?

መንግሥትም ባርነትን ማጥፋት ሲጀምር ይህችኑ የሞት ቀን ነው መነሻ ያደረጋት። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት በ1916 ዓ.ም የወጣው ሕግ ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ባርያው የተወሰኑ ዓመታት በወራሾች ዘንድ ቆይቶ ነጻ እንዲወጣ አዘዘ። የ1923ቱ ሕግ ጊዜውን አሳጠረው። የነሐሴ 1934ቱ አዋጅ ባርነትን ከሕግ ጨርሶ አስወገደ። አዋጁ ሰውየውን ነጻ አወጣው፤ የተካደ አባቱን ግን አልመለሰለትም።

በ1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። የመጠቀም መብቱ፣ ቤቱ፣ የቡና ተክሉና ከብቱ ግን አሁንም ከአባት ወደ ልጅ ያልፋል። ወራሽነት የሚረጋገጠውም በምስክር ነው። «እነዚያ እኮ ቤተሰብ አይደሉም፤ በቤቱ ያደጉ ናቸው» የሚል ቃል ስሰማ እደነግጣለሁ። ብዙ ጊዜ ይህ ቃል የሚነገረው የአያታቸው ልጅነት በመንደሩ ሽማግሌዎች ሁሉ ዘንድ በሚታወቅ ሰዎች ላይ ነው።

ወንድሞችና እህቶች! ሁላችንም ይህን ሸክም ማቃለል እንችላለን። ለወራሽነት ምስክርነት የተጠራ ሰው የሚያውቀውን ስም ሁሉ ይጥራ፤ እናቲቱ ማን እንደነበረች አይመልከት። የቤተሰቡ ታላቅ የሆነም በሕይወት ሳለ ዘሩን በጽሑፍና በምስክር ፊት ይናገር። ድርሻ የቀረበት ሰው እንዳለ እያወቀ የሚበላ ወራሽ ደግሞ የሚበላው የወንድሙን ሐቅ መሆኑን ይወቅ። ሐቅ በዘመን ብዛት አይረግፍም፤ ዱንያ ላይ ካልተመለሰ አኺራ ላይ ይጠየቃል።

ወላሁ አዕለም።